ደባርቅን ሁሉ የከፈተች ቁልፍ

ምሥጋናው የዳባት ገጠር ልጅ ነው። በልጅነቱ ለክህነት ታስቦ ንባብ ቤት ገባ፤ ከዚያም ቅኔ ለመማር ዳባት ከተማ ዳር ከሚገኘው ከመሪጌታ ተክለ ማርያም ጉባኤ ተቀመጠ። የሌላ ሰው ቅኔ አንድ ጊዜ ከሰማ አይረሳም ነበር። የራሱን ግን ከቅኔ ሁሉ አጭሯን፣ ባለ ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና እንኳ ቤት አስመትቶ መጨረስ ያቅተዋል። ጓደኞቹ ይሥቁበታል፤ እሱም አብሯቸው ይሥቃል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ይከፋው ነበር። መሪጌታ ይህን ስላዩ አንድ ቀን ከማኅበሩ ለይተው ጠሩት።

"ልጄ፣ አንተ ጎተራ ነህ" አሉት። "ጎተራ አያርስም፣ አይዘራም። ግን ጎተራ የሌለው ገበሬ ክረምቱን አይወጣም። ይህንንም ከሀብት ቁጠረው።"

ያም ሆኖ ብዙ አልቆየም። አባቱ ሲሞቱ ጉባኤውን ትቶ እንጀራ ፍለጋ ጎንደር ወረደ። እዚያ ያርጋል የሚባል፣ ኮምፒውተር እየጠገነ የሚያድር ጎልማሳ አስጠጋው። ምሥጋናው ኮምፒውተር መክፈትና መግጠም ከእሱ ተማረ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሕሊናን አግብቶ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየ። ሕሊና ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ በኮምፒውተርም ደብዳቤ ትጽፋለች፤ እሱ ፎርማት ያደርጋል። ፎርማት ማድረግ ማለት በደባርቅ አፍ የታመመ ኮምፒውተርን አጥቦ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ነው።

ለዚህ ሥራው ያለችው አንዲት ሲዲ ብቻ ነበረች፤ ያርጋል ሲሰናበተው ገልብጦ የሰጠው። ዊንዶውስ ሲጫን መሐል ላይ ይቆምና ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፍ የሚባለው ሃያ አምስት ፊደልና ቁጥር ነው። ትክክለኛውን ካልጻፉለት አንድ እርምጃ አይሄድም። ሌሎች ቁልፎች ከዚያም በኋላ ጣጣ አላቸው፤ ወር ሳይሞላ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ከሠሪው ድርጅት ጋር ተገናኝቶ ያላስመዘገባቸው ሰው ኮምፒውተሩ ይዘጋበታል። የምሥጋናው ቁልፍ ግን ለአንድ ትልቅ ኩባንያ፣ ብዙ ማሽን እንዲጭንባት ታስባ የተሰጠች ኖራ፣ ከኩባንያው ሾልካ የወጣች ነች። ምዝገባ አትጠይቅም። ምሥጋናው ይህን ሁሉ ያኔ አያውቅም። የሚያውቀው ቁልፏ እንደምትሠራ ነው። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዟታል።

በዚያች ቁልፍ የደባርቅን መሥሪያ ቤቶች፣ የጽሕፈት ቤቶችን፣ የሆቴሎችን ኮምፒውተር ከፈተ። ስሜን ተራሮች ላይ ቡይት ራስ ያሉ ሎጆች መኪና ልከው ይወስዱታል። ዳባትም ሥራ ሲኖር ኮምፒውተሩ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ይመጣለታል። ሌብነት ነው ብሎ ለአፍታ አስቦ አያውቅም። ያደገበት ቤት መጽሐፍ የገለበጠ የሚመረቅበት ቤት ነው። በብራና መጽሐፍ መጨረሻ የሚጻፈውን ግዝት ያውቀዋል፤ "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን" ይላል። የሰረቀውንና የፋቀውን ያወግዛል እንጂ የገለበጠውን አይነካም። እሱ ደግሞ ገለበጠ እንጂ ከማንም ቤት አልወሰደም።

ነገሩ የተለወጠው በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ነው። በዚያ ዓመት ለመሥሪያ ቤቶች ገመድ አልባ የኢንተርኔት ሞደም መታደል ጀምሮ ነበር። አንድ ጧት የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆኑት አቶ ገሠሠ አስጠሩት። ሲደርስ የጽሕፈት ክፍሉ ሠራተኞች ከኮምፒውተሩ ርቀው ቆመዋል። በስክሪኑ ላይ የነበረው የዋልያ ሥዕል ጠፍቶ ፊቱ በሙሉ ጥቁር ሆኗል፤ ከጥግ በኩል በእንግሊዝኛ አንዲት መስመር ተጽፋለች። ይህ የዊንዶውስ ቅጂ እውነተኛ አይደለም፤ የአጭበርባሪ ሰለባ ሳትሆኑ አትቀሩም ትላለች።

"መርዶ ነው የመሰለን" አለችው ጸሐፊዋ።

ምሥጋናው ቫይረስ መስሎት የዋልያውን ሥዕል መለሰ። ሠራተኞቹ እፎይ አሉ። ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ስክሪኑ ተመልሶ ጠቆረ። ደግሞ መለሰው፤ ደግሞ ጠቆረ። በዚያው ሳምንት ከሌላ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ከአንድ ሆቴል ተጠራ። የትም ቢሄድ ያው ጥቁር ፊት፣ ያቺው መስመር ትጠብቀዋለች። ሁሉንም የጫነው እሱ ነው።

ጎንደር ለያርጋል ደወለ። ያርጋል ነገሩን ሰምቶ ስለነበር አልደነቀውም። ቁልፏ ተይዛለች አለው። ድርጅቱ ኮምፒውተሮቹ ኢንተርኔት ላይ ሲወጡ ማሻሻያ ብሎ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ይልክባቸዋል። ፕሮግራሟ የማሽኑን ቁልፍ አይታ ለድርጅቱ ትናገራለች፤ ድርጅቱም ከጥቁር መዝገቡ ጋር ያስተያያል። አንዲት ለአንድ ኩባንያ የተሰጠች ቁልፍ ከቻይና እስከ ደባርቅ ስንት ሺህ ማሽን ከፍታ ስትገኝ የተሰረቀች መሆኗ ግልጽ ነው። ከዚያ ፕሮግራሟ ስክሪኑን ታጠቁራለች። ሥራ አትከለክልም፤ ባለቤቱን ማሳፈርና ማስመረር ነው ሥራዋ፣ ተማርሮ እውነተኛውን እስኪገዛ።

"ታዲያ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጻፈውንም ታነባለች?" አለ ምሥጋናው።

"አታነብም። ቁልፍህን ትጠይቃለች፣ ትሄዳለች።"

ይህን ለአቶ ገሠሠ ለማስረዳት ሞከረ። አቶ ገሠሠ ከወንበራቸው ወደ ፊት ዘንበል ብለው፣ ሳያቋርጡት ሰሙት። ከዚያ በሩን ዘጉት። ነገሩ እሳቸው ዘንድ ሌላ መልክ ይዞ ነበር። አንድ ሰው በከተማው ያሉትን መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ሁሉ በእጁ አስገብቷል፤ የዓመቱ ሪፖርት በሚዘጋበት ወር ሁሉም ባንድ ላይ ጠቆሩ፤ አሁን ደግሞ ያው ሰው መጥቶ ውጭ አገር ያለ ድርጅት እያያችሁ ነው ይላል። ሥራ ሲቀዘቅዝበት ራሱ የተከለው ነገር ነው የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ነገሩት። ጸጥታዎችም ጠይቀዋል አሉት።

"እስከ ሰኞ ሁሉም እንደ ነበረ ይሁን" አሉ። "ካልሆነ ጉዳዩ ከእኔ እጅ ይወጣል።"

ምሥጋናው ከዚያ ቢሮ ሲወጣ ዝናብ ይጥል ነበር፤ ጃንጥላውን እዚያው ረስቶ መሄዱን ያወቀው ቤቱ ሲደርስ ነው። እንደገና ለያርጋል ደወለ። ያርጋል ለችግሩ መድኃኒት አለኝ ብሎ በማግሥቱ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ፍላሽ ላከለት። በፍላሹ ውስጥ ክራክ የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ሲጫን ጠያቂዋን ያስተኛታል፤ ቁልፍህ የማን ነው የሚል ይጠፋል፤ ጥቁሩም ይገፈፋል።

ሕሊና ፎቶ ኮፒዋን እያነሣች ሲያስረዳት ሰማችው። እጇን ከማሽኑ ላይ አነሣች።

"ጠባቂውን ያስተኛዋል ነው የምትለኝ?"

"አዎ።"

"ጠባቂ የተኛበት ቤት እሱን ያስተኛው ሰው ብቻ ነው የሚገባበት? ይህን ፕሮግራም የሠራው ማን ነው? ለጽድቅ ነው የሠራው?"

ያርጋል ሞክሮታል አላት። እሷም የፈለገህበት ጫነው፣ እኔ የምሠራበት ኮምፒውተር ላይ ግን እንዳታስጠጋው አለችው። ቅር ቢለውም እሺ አለ። የሰኞ ቀነ ገደብ አንገቱን ይዞት ስለነበር ከሷ ጋር የሚከራከርበት ጊዜ አልነበረውም።

ፍላሹ እንደተባለው ሠራ። አቶ ገሠሠ ቢሮ ሲሰካው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በራ፣ ዋልያውም ተመለሰ፤ ሠራተኞቹ ሰዓት እያዩ ጠበቁ፣ አልጠቆረም። ከዚያ ቢሮ ወደ ሌላው፣ ከሆቴል ወደ ሆቴል ዞረ። ሰኞ ከመድረሱ በፊት ጨረሰ። ጃንጥላውንም አገኘው።

በዚያው ሰሞን ከዳባት እሌኒ ደወለችለት። እሌኒ የመሪጌታ ተክለ ማርያም ልጅ ናት፤ አስተማሪ ናት። አብረው ነው ያደጉት። መሪጌታ በሕይወታቸው ከሰሟቸው ከቀደሙት መምህራን የያዙት፣ በየትም ብራና ያልሰፈረ፣ ከአፍ ወደ አፍ የመጣ ብዙ ቅኔ ነበራቸው። እሌኒ እሳቸው እየነገሯት፣ ቅኔውን ከነፍቺው፣ ማን መቼ በምን ምክንያት እንደተቀኘው ጭምር በኮምፒውተር ትጽፍ ነበር። ኮምፒውተሩን የገዛላት፣ ዊንዶውሱን የጫነላት ምሥጋናው ነው። ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መሪጌታ ድንገት ወደቁ። ከሞት ተረፉ፣ ምላሳቸው ግን ታሰረ። ከዚያ ወዲህ ያ ሁሉ ቅኔ ያለው እሌኒ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ላለ አሳታሚ በኢንተርኔት ልትልክ ሞደም ብትሰካ፣ የሷም ስክሪን ጠቆረ።

ምሥጋናው ፈጥኖ መሄድ ነበረበት። ግን በጥቁሩ ስክሪን ሰሞን የተጠራቀመ ሌላ ሥራ ደባርቅ ይዞታል፤ ነገሩም አሁን ቀላል መስሎታል። ክራኩን በሌላ ፍላሽ ገልብጦ ወደ ዳባት በሚሄድ አውቶቡስ ላከላት፤ ምን ምኑን እንደምትጫን በስልክ ነገራት። ዳባት በዚያ ቀን መብራት ስላልነበረ ሲመጣ እሠራዋለሁ አለችው።

ረቡዕ ጧት የአቶ ገሠሠ ጸሐፊ ቶሎ ድረስ ብላ ደወለች። ሮጦ ሄደ። የዓመቱ ሪፖርት፣ ደብዳቤዎች፣ ሁሉም ስማቸው በየቦታቸው አለ። ሲከፍታቸው ግን ባዶ ናቸው። እያየ ሳለ አንዱ ፋይል መጠኑ ወረደና ምንም ሆነ። ከሥሩ ያለው ተከተለ። አንድ ነገር በፎልደሮቹ ውስጥ በተራ እየሄደ ጽሑፉን እየበላ ስሙን ብቻ ይተው ነበር። ምሥጋናው ገመዱን ነቀለው። ክራኩ ብቻውን አልመጣም፤ ሆዱ ውስጥ ሌላ ነገር ይዞ ነው የገባው፣ ጥቂት ቀን ድምፁን አጥፍቶም ተቀመጠ።

ወዲያው እሌኒ ትዝ አለችው። ደወለ። የደወሉላቸው ደንበኛ አገልግሎት ከሚሰጥበት ክልል ውጭ ናቸው አለችው ሴትዮዋ። ደግሞ ደወለ። ያው።

ሲዞር አቶ ገሠሠ በር ላይ ቆመዋል። ጸሐፊዋ ነግራቸዋለች። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣ የባሰ እርጋታ ነበር።

"ከዚህ የትም አትሄድም" አሉት። "ፖሊስ ተጠርቷል።"

"አቶ ገሠሠ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ያመጣሁትን ክራክ መርምሬ አላስገባሁም። ግን ዳባት አንድ ኮምፒውተር አለ። አሁን ካልደረስሁ የማይተካ ነገር ይጠፋል።"

"የእኛ ይተካል?"

"የእናንተ ሪፖርት ከየቀበሌው የመጣ ወረቀት አለው፤ እንደገና ይጻፋል፣ እኔው እጽፈዋለሁ። የዚያኛው ወረቀት የለውም። ባለቤቱም መናገር አይችሉም።"

ምሥጋናው ሕሊናን በስልክ ጠራት። ሱቁን ዘግታ መጣች። ገብታ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች፤ እኔ ነግሬህ ነበር አላለችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ነጠላዋን አስተካከለች።

"እኔ ዋስ ነኝ" አለች ለኃላፊው። "ተመልሶ እስኪመጣ ከዚህ አልነሣም። ካልመጣ እኔን ይውሰዱኝ።"

አቶ ገሠሠ ከበሩ ላይ ዞር አሉ።

አውቶቡስ አልጠበቀም። ጤፍ የጫነ አይሱዙ በዳባት በኩል ወደ ጎንደር ሲወጣ ለምኖ ጋቢና ገባ። ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር፤ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት እያወጣ ነው የሚነዳው። ምሥጋናው በየደቂቃው ይደውላል። በመንገዱ መሐል ካለችው ወቅን ከተማ ሳይደርሱ አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ መንገዱን ዘግቶ አገኙ። ሰዎች ድንጋይ እየለቀሙ ከጎማው ሥር ያኖራሉ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ በዚህ አያያዝ ከሰዓት ነው የምናልፍ አለው። ምሥጋናው ወረደ። ጭቃው ጫማውን እየያዘበት መንገዱን የዘጋውን መኪና በእግሩ አልፎ፣ ከወዲያኛው በኩል ቆሞ ወደ ኋላ ሊመለስ ከሚዞር አንድ ሚኒባስ ዘንድ ደረሰ። ሰው ሞልቷል። በር ላይ ቆሞ ሄደ።

በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚመላለስበት፤ ዳባት መብራት መጥቷል ወይስ አልመጣም? ወቅን ሲያልፉ አንድ ሱቅ ውስጥ የበራ አምፖል አየ። ዳባትም መጥቷል ማለት ነው።

የመሪጌታ ቤት ከመንገዱ ቅርብ ነው። በሩ ክፍት ነበር። መሪጌታ በአልጋቸው ላይ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እሌኒ ኮምፒውተሩ ፊት ናት። ሲገባ አይታ ፊቷ በራ።

"አንተ፣ ጥቁሩ እኮ ጠፋልኝ" አለችው።

እሱ ግድግዳው ድረስ ሄዶ ሶኬቱን ነቀለው። ስክሪኑ ድርግም አለ። እሌኒ ተነሥታ ቆመች። ምን እያደረግህ ነው አለችው፤ ከዚያ ፊቱንና እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነውን ሱሪውን አይታ ገለል አለችለት። መቼ እንደጫነችው ጠየቃት። ትናንት ማታ መብራት ሲመጣ ነው አለች፤ ዛሬ ጧት ከፍታ ነው ጥቁሩ መጥፋቱን ያየችው። ደባርቅ ያለው ጥቂት ቀን ቆይቶ ነው መብላት የጀመረው። ይህኛው ግን የተገለበጠው ከዚያ ነውና፣ አስቀድሞ በተቀጠረለት ቀን የሚነሣ ከሆነ የሚነሣው ከዚያኛው ጋር ዛሬ ነው። ነገራት። ያልነገራት ነገር የለም።

እሌኒ አላለቀሰችም። ወደ አባቷ ዞረች። መሪጌታ ሁሉንም ሰምተዋል፤ መስማት አልጠፋባቸውም። ዓይናቸው ምሥጋናው ላይ ነበር። ምሥጋናው ከአልጋው ሥር ተንበረከከ።

"የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

ቀኝ እጃቸው አይንቀሳቀስም። በግራቸው ራሱን ነኩት። ምርቃት ይሁን ግሣጼ አላወቀም። የዚያ የብራና ግዝት ሁለተኛ ቃል ግን ጆሮው ላይ ጮኸ፤ "ወዘፈሐቆ"። የፋቀው። ይህን ሁሉ ዓመት የመጀመሪያዋን ቃል ሲከራከራት፣ ሁለተኛዋ እሱን ትመለከታለች ብሎ አልጠረጠረም ነበር።

ኮምፒውተሩን ፈትቶ ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ሃርድ ዲስክ አወጣው። እሌኒ ንጹሕ ነጠላ አምጥታ ጠቀለለችውና ራሷ ያዘችው። አባቷን ለጎረቤት አደራ ብላ አብራው ወጣች። መንገዱ ተከፍቶ ነበር። በሚኒባስ ደባርቅ ደረሱ።

ንጹሕ መሆኑን የሚያምነው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ሕሊና ክራኩን አታስጠጋበት ያለችው። ሃርድ ዲስኩን እንደ ተጨማሪ አድርጎ ገጠመው፤ በውስጡ ያለው ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሣ ከለከለ። ፎልደሩን ከፈተ። እሌኒ ለየመምህሩ አንድ አንድ ፎልደር ነበር ያዘጋጀችለት። የመጀመሪያው መምህር ባዶ። ሁለተኛውም ባዶ። ሦስተኛው ከግማሹ በታች ጽሑፍ አለው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ደህና ናቸው። ምሥጋናው እያንዳንዱን እየከፈተ ያሳያታል፤ እሷ ጽሑፉን ስታይ ትንፋሿን ትለቃለች፣ እንደገና ትይዛለች። ሁሉንም አይተው ሲጨርሱ ብዙው እንደተረፈ አወቁ። የጠፉት ግን የቀደሙት፣ የመሪጌታ የገዛ መምህራን ቅኔዎች ነበሩ።

ምሥጋናው ወደ መሥሪያ ቤቱ ተመልሶ ሕሊናን አስነሣት። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ጠየቁት፤ ያርጋልን ጭምር በስልክ ጠየቁት። ያርጋል ራሱ ጎንደር ላይ ያሉት የደንበኞቹ ፋይሎች ሁሉ ተበልተውበት በሐፍረት የምሥጋናውን ስልክ ማንሣት ትቶ ነበር። ምሥጋናው ተንኮል እንዳልነበረው ሲገባቸው ፖሊሶቹ በዋስ ለቀቁት። የአቶ ገሠሠን ሪፖርት ክረምቱን ሙሉ ከወረቀት እየለቀመ እንደገና ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ግን የትኛውም መሥሪያ ቤት አልጠራውም። መናኸሪያው አጠገብ ሌላ ወጣት ሱቅ ከፍቶ ፎርማት ማድረግ ጀመረ፤ ሌላ ሲዲ፣ ሌላ ቁልፍ ይዞ። ሰው ወደዚያ ሄደ። የምሥጋናውን ቤት የሕሊና ፎቶ ኮፒ ነው ያቆየው።

አንድ ቀን ከሰዓት እሌኒ ልትጠይቀው መጣች። የጠፉትን የመሪጌታ መምህራን ቅኔዎች አንተ ተማሪ ሳለህ ሰምተሃቸው የለም ወይ አለችው። ሰምቷል። ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን መወድስ፣ የባለ ስምንት ቤቱን ቅኔ፣ መነሻ ቃል አገኘው፤ ከዚያ ምላሱ ላይ የመጣው ሁለተኛው ስንኝ አልነበረም። ያቺ ሃያ አምስት ፊደልና ቁጥር ናት። ሊገፋት ሞከረ፣ አልሄደችለትም፤ ለስንት ዓመት በቀን ስንት ጊዜ የደገማት እሷን ነው። ከእያንዳንዱ ቅኔ መነሻው ብቻ ቀርቶለታል። እሌኒ ያንኑም ቢሆን ጻፈችው።

መነሻዎቹ ግን ከንቱ አልሆኑም። መሪጌታ ከሳቸው ጋር በአንድ ጉባኤ የተማሩ ጓደኞች ነበሯቸው። መነሻው ከታወቀ፣ የትኛውን ቅኔ እንደሚጠይቁ ያውቃሉ። እሌኒ ለአባቷ ስም እየጠራች፣ እሳቸው በግራ እጃቸው አዎ ወይም አይደለም እያሉ፣ በሕይወት አለ የሚባለውን ሰው ለዩ። ቄስ ገብረ ክርስቶስ ይባላሉ፣ የስሜን ተራሮች መንደር በሆነችው አምባራስ ይኖራሉ።

ወደሳቸው ከመውጣታቸው በፊት ምሥጋናው አንድ ሥራ ነበረው። ለወተት የያዟትን አንዲት ላማቸውን ሸጦ ከአዲስ አበባ በማሸጊያው ያለ እውነተኛ ዊንዶውስ አስመጣ። ሕሊና ላሚቱ ስትሄድ በር ላይ ቆማ ከማየት በቀር አልተቃወመችም። የእሌኒን ኮምፒውተር አጥቦ ከሳጥኑ ውስጥ የወጣውን ቁልፍ ጻፈ፤ እያንዳንዱን ፊደል እያየ፣ በቃሉ እንዳይዝ እየተጠነቀቀ። ከዚያ ሞደሙን ሰካ። ማሽኑ የራሱን አካል ምልክት፣ ሃርድ ዲስኩን፣ ማዘር ቦርዱን በአንድ ቁጥር አሥሮ ከቁልፉ ጋር ወደ ድርጅቱ ላከ፤ ይህች ቁልፍ ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ማሽን ናት ለማለት። መሥመሩ ቀርፋፋ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለችው አረንጓዴ መሥመር ቆመች። እሌኒ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ምሥጋናው ወንጀለኛ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሆኖ ጠበቀ። ኔትዎርክ ተቆረጠ፣ ተመለሰ፣ መሥመሯ ተንቀሳቀሰች። ተመዝግቧል የሚል ጽሑፍ ወጣ።

መሪጌታ ከአልጋቸው ሆነው ያዩ ነበር። ምንነቱን ባያውቁም የልጃቸውን ፊት አይተው ፈገግ አሉ።

ጥቅምት ሲገባ፣ ጉሙ ተገፍፎ ገብሱ ሲያሸት፣ ምሥጋናውና እሌኒ ከደባርቅ ተነሥተው አምባራስ ወጡ። ቄስ ገብረ ክርስቶስ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን የነቃ ሽማግሌ ናቸው። የማን ልጆች እንደሆኑ ጠየቁ። የተክለ ማርያም ልጅ ናት ሲባሉ እጇን ይዘው ብዙ ቆዩ። የጓደኛቸው ምላስ እንደታሰረ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ምሥጋናው የመጀመሪያውን መነሻ ቃል በዜማ አሰማቸው። ሽማግሌው ጆሯቸውን አዘነበሉ። ከደጅ አንድ ሰው በቅሎ ሲያስር፣ ነፋስ የጣሪያውን ሣር ሲያንቀጫቅጭ ይሰማል። ምሥጋናው ይህም ጠፍቷል ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

"እሱን ነው የምትፈልጉት?" አሉ ቄስ ገብረ ክርስቶስ። "እሱማ የመስቀል ዕለት የተባለ ነው። እኔና አባትሽ ጎን ለጎን ቆመን ሰምተነዋል።"

ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ቀስ ብለው፣ ስንኙን ከስንኝ እያስከተሉ ይሉት ጀመር። አምስተኛው ላይ ቆሙ፤ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩና አለፉት። እሌኒ እርሳሷን ይዛ ወረቀቱ ላይ አጎንብሳለች። ሲጨርሱ ቀና አለች።

"አባ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ" አለች።

ሽማግሌው ደገሙላት። ምሥጋናው በዚህኛው ጊዜ አብሯቸው ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር።